የፈረሰች ከተማ ፎቶ፦ የትና መቼ እንደተነሳ እንዴት ይታወቃል? (የአንደኛው የዓለም ጦርነት የመስታወት ፕሌቶች)

#1 ማህደር_ቤት

በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ጥያቄ እየመጣ ስለሆነ አንድ ቦታ ላይ ይሰብሰብ። ጥያቄው «ፍርስራሽ የሚያሳይ የድሮ የመስታወት ፕሌት ነው፣ ጠርዙ ላይ በቀለም ‹ኢፕር 1917› ተብሎ ተጽፏል፣ እውነት ነው?» የሚል ነው (ፕሌት ማለት በፊልም ፋንታ ፎቶ የሚነሳበት መስታወት ነው)። ብዙ ጊዜ ከተማዋ ትክክል ትሆናለች፣ ዓመቱ ግን አይሆንም። መግለጫው የተጻፈው ከጦርነቱ በኋላ በሻጭ፣ በወራሽ ወይም ፎቶውን አይቶት በማያውቅ ሰው ሊሆን ይችላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መጀመሪያ የሚታየው ማማ ነው። በምዕራብ ግንባር ትልልቆቹ ማማዎች የወደቁበት ቀን ስለሚታወቅ እንደ ሰዓት ያገለግላሉ።

ኢፕር (ቤልጂየም)፦ የጨርቅ ገበያ አዳራሹ የተቃጠለው ኖቬምበር 22 ቀን 1914 ነው። ጣሪያው ሙሉ ሆኖ ከታየ ፎቶው ከዚያ ቀን በፊት ነው፣ ክርክር የለውም። ጣሪያው ሄዶ የፊት ግድግዳው ገና ረጅም ሆኖ ከቆመ ከቃጠሎው ብዙም አልራቀም። የማማው ጉቶና የተቦጫጨቀ ግድግዳ ብቻ ከቀረ ወደ ጦርነቱ ማብቂያ ተጠግቷል።

አራስ (የፈረንሳይ ከተማ ናት፤ ስሟ እኛ ጆሮ ላይ ሌላ ነገር ነው፣ ችላ በሉት)፦ የከተማው አዳራሽ ኦክቶበር 7 ቀን 1914 ተቃጠለ፣ የደወል ማማው ግን ቆሞ ቀረ። እሱም ኦክቶበር 21 ወደቀ። ስለዚህ «የተቃጠለ አዳራሽ፣ የቆመ ማማ» ካያችሁ በእጃችሁ ያለው የሁለት ሳምንት ጠባብ መስኮት ነው። እንዲህ ያለ ዕድል በሌላ ከተማ ብዙም አይገኝም።

ሬምስ (ፈረንሳይ)፦ ካቴድራሉ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1914 ተቃጠለ። ሰሜናዊው ማማ ለጥገና በእንጨት መወጣጫ ተሸፍኖ ስለነበር እሳቱ የተያያዘው በዚያ ነው። መወጣጫው ካለ ከቃጠሎው በፊት ነው። በምዕራቡ በር ያለው «ፈገግተኛው መልአክ» ራሱ ከተቆረጠ ከዚያ በኋላ ነው። በሮቹ በአሸዋ ከረጢት ከተደፈኑ ደግሞ ይበልጥ ዘግይቷል።

አልበር (ፈረንሳይ) ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። በባዚሊካው ማማ ጫፍ ላይ ሕፃኑን ወደ ላይ ያነሳች በወርቅ የተለበጠች የማርያም ሐውልት ነበረች። ጃንዋሪ 15 ቀን 1915 መድፍ መታትና ጎንበስ ብላ በአደባባዩ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። እንዳትወድቅ በብረት ታስራ ሦስት ዓመት እንደዚያው ቆየች፤ ወታደሮቹም «እሷ የወደቀች ቀን ጦርነቱ ያበቃል» ይሉ ነበር። ጀርመኖች ከተማዋን ማርች 26 ቀን 1918 ያዙ። የጀርመን ተመልካቾች ማማውን እንዳይጠቀሙበት የእንግሊዝ መድፍ በአፕሪል አጋማሽ ማማውን ከነሐውልቷ ጣለው። ጦርነቱ ግን ሰባት ወር ገደማ ቀጠለ። ለእኛ ሥራ ሲተረጎም፦ ቀጥ ብላ ከቆመች ከጃንዋሪ 15 ቀን 1915 በፊት፣ ከተንጠለጠለች በሁለቱ ቀኖች መካከል፣ ማማው ከጠፋ ከአፕሪል 1918 በኋላ ነው።

---

#2 ኮረኮንች

ጥሩ ነው፤ ግን ማማ የሌለበትስ? ብዙው ፕሌት አንድ መንገድ፣ ሁለት የፈረሰ ግድግዳና ጭቃ ነው። መንደሮቹ ሁሉ አንድ ይመስላሉ።

---

#3 ጥላና_ብርሃን

ኮረኮንች፣ ማማ ከሌለ ሰዎቹ ራስ ላይ ያለውን እይ። የፈረንሳዩ አድሪያን ቁር፣ መሐል አናቱ ላይ ቀጭን ሸንተረር ያለው፣ ግንባር ላይ የደረሰው በ1915 ነው። የእንግሊዙ ጎድጓዳ ሳህን የሚመስለው በ1915 መጨረሻ በጥቂቱ ጀምሮ በ1916 አጋማሽ ለሁሉም ደርሷል። የጀርመኑ የብረት ቁር በ1916 መጀመሪያ ቬርደን ላይ በብዛት ታየ፤ ከዚያ በፊት ሹል ያለው የቆዳ ቆብ ነው። ሁሉም በጨርቅ ቆብ ከሆኑ 1914 ወይም 1915 መሆኑን ጠርጥር፤ ነገር ግን ከግንባር ኋላ ቁር ስለማይደረግ በዚህ ብቻ አትፍረድ።

ልብሱ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። የዚያ ዘመን ፕሌት ቀይ ብርሃን አያይም፣ ለሰማያዊ ደግሞ ከልክ በላይ ይነቃል። ስለዚህ በ1914 ፈረንሳዮች የለበሱት ቀይ ሱሪ ፎቶው ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። በ1915 የመጣው «የአድማስ ሰማያዊ» የሚባለው ልብስ ደግሞ ነጣ ያለ ግራጫ ይሆናል። ሱሪው ከኮቱ በማይለይ ሁኔታ ጥቁር ሆኖ የታየ የፈረንሳይ ወታደር የመጀመሪያው ዓመት ሰው የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ይኸው ጠባይ ግንቡንም ያሳስታል። ቀይ ሸክላ ጡብ ከእውነቱ በላይ ጠቁሮ ስለሚወጣ ያልተቃጠለ ግድግዳ የተቃጠለ ይመስላል። «ጥቀርሻ ነው» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ጥቁረቱ ከመስኮቱ አፍ በላይ ወደ ላይ እየሳሳ የሚሄድ ምላስ መሆኑን ተመልከቱ። እሳት እንደዚያ ነው የሚጽፈው። ከዳር እስከ ዳር እኩል ከጠቆረ የጡቡ ቀለም ነው።

---

#4 ሰፈረ_ሰላም

መንደሮቹን በተመለከተ፦ ቤት ይጠፋል፣ መንገድ ግን ብዙም አይጠፋም። ብዙዎቹ መንደሮች እንደገና የተሠሩት በዚያው የመንገድ መስመር ላይ ስለሆነ መስቀለኛ መንገዱ የሚሠራው ማዕዘን፣ የቦዩ መታጠፊያና የባቡር ሐዲዱ ከዛሬው የሳተላይት ምስል ጋር ይገጥማሉ። ፓሸንዴል (ኢፕር አጠገብ ያለች መንደር) ጥሩ መለማመጃ ናት። እዚያ ከጁላይ 31 እስከ ኖቬምበር 10 ቀን 1917 ውጊያ ነበር፤ ከውጊያው በፊትና ከውጊያው በኋላ ከአውሮፕላን የተነሱ ፎቶዎች አሉ። በኋለኛው ፎቶ ላይ የሚታየው የጉድጓድ መንጋ ብቻ ነው። ሁለቱን ለማጋጠም መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኑን መሠረት ፈልጉ፣ ከዚያ ከእሱ የሚወጡትን መንገዶች። ቤት ለቤት የጀመረ ሰው ይጠፋል።

በቬርደን ዙሪያ ግን ይህ ዘዴ የማይሠራባቸው አሉ። ዘጠኝ መንደሮች «ለፈረንሳይ የሞቱ» ተብለው የተመዘገቡ ሲሆን ከእነሱ ውስጥ ስድስቱ ጨርሶ አልተሠሩም። ፍለሪ አንዷ ናት። ዛሬ እዚያ ያለው ጫካ ነው፤ ከሳተላይት መንገድ መፈለግ ከንቱ ድካም ይሆናል። የጦርነቱን ዘመን የመሬት ካርታ መጠቀም ግድ ነው።

---

#5 ጥላና_ብርሃን

ጥላን ሳልጨምር አላልፍም፣ ስሜ ነውና።

ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ወይም የስልክ ምሰሶ ፈልጉ። ጥላው ወደ ካሜራው ወይም ከካሜራው ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ጎን የወደቀ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ እይታው ያሳጥረዋል። ቁመቱን ለጥላው አካፍሉ። ውጤቱ የፀሐይዋ ከፍታ ታንጀንት ነው፤ በካልኩሌተር ወደ ዲግሪ ይመለሳል።

ኢፕር ያለችው 50.85 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነው። በዲሴምበር መጨረሻ በቀትር ፀሐይዋ 15.7 ዲግሪ ብቻ ነው የምትወጣው፤ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው 6 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። በጁን መጨረሻ 62.6 ዲግሪ ትደርሳለች፤ ጥላው 88 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ የቀትር ጥላ ዓመቱን ሙሉ ከሰው ቁመት ስለሚያጥር፣ እዚህ ያደገ ዓይን ረጅም ጥላ ሲያይ «ጠዋት ነው ወይ አመሻሽ» ይላል። ኢፕር ላይ ቀትርም ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመው አንድ ጠንካራ ደንብ ይኸው፦ ጥላው ከሰውየው ቁመት ካጠረ ፀሐይዋ ከ45 ዲግሪ በላይ ናት፤ ያ ደግሞ በኢፕር ኬክሮስ ከአፕሪል መጀመሪያ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ብቻ የሚሆን ነው። ተቃራኒው ግን አይሠራም። ረጅም ጥላ ክረምትም ይሆናል፣ የጁን ጠዋትም ይሆናል። የፍርስራሽ ቁልል ላይ የወደቀ ጥላም አይለካም፣ መሬቱ ዘቅዛቃ ስለሆነ ይዋሻል።

---

#6 ማህደር_ቤት

የጨርቅ አዳራሹ ዋና ፊቱ ወደ ደቡብ ስለሆነ ጥላና_ብርሃን ያለው እዚያ ላይ ቀላል ነው። ፀሐይ ፊት ለፊት እየመታው ግን ጥላው ወደ ግራ ከሄደ (አደባባዩ ላይ ሆናችሁ ወደ አዳራሹ ስታዩ) ከሰዓት በኋላ መሆን አይችልም፤ ወደ ግራ ማለት ወደ ምዕራብ ነው፣ ፀሐይዋ ምሥራቅ ላይ ናት። ይህ የሚሠራው ግን ፎቶው በመስታወት እንደሚታይ ካልተገለበጠ ነው። መገልበጡ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፣ አራት_ዓይና ይምጣበት።

---

#7 ኮረኮንች

ከዚያ በፊት አንድ ነገር፦ ስካን ሲደረግ ኢሙልሽኑን (መስታወቱ ላይ የተቀባውን፣ ምስሉን የያዘውን ሽፋን) ወደ ሌንሱ አድርጎ አንስቶ በኋላ በኮምፒውተር ግራ ቀኝ መገልበጥ ነው የሚባለው። ሁልጊዜ ነው?

---

#8 አራት_ዓይና

አይደለም። «ሁልጊዜ ገልብጥ» የሚለው ምክር ነው ግማሹን ስብስብ ያበላሸው። ደብዛዛው ፊት ኢሙልሽን ነው፣ የሚያብረቀርቀው ፊት መስታወቱ። ከዚያ በኋላ የፕሌቱ ዓይነት ይወስናል፦

ኔጋቲቭ (ብርሃኑ ጥቁር፣ ጥላው ነጭ ሆኖ የሚታይበት) ሲሆን ካሜራው ውስጥ ኢሙልሽኑ ወደ ሌንስ ዞሮ ነበር። ስለዚህ በኢሙልሽኑ በኩል ስታየው የተገለበጠ፣ በመስታወቱ በኩል ስታየው ትክክል ነው።

ከኔጋቲቭ ላይ በንክኪ የታተመ የመስታወት ፖዘቲቭ (ብርሃንና ጥላው እንደ እውነቱ የሚታይበት) ተቃራኒው ነው። ኢሙልሽን ከኢሙልሽን ጋር ተጣብቆ ስለታተመ በኢሙልሽኑ በኩል ትክክል ይነበባል።

ኦቶክሮም (የሉሚየሮቹ የቀለም ፕሌት) ካሜራው ውስጥ መስታወቱ ወደ ሌንስ ዞሮ ስለሚገባ እሱም በኢሙልሽኑ በኩል ትክክል ነው።

ስለዚህ በኢሙልሽኑ በኩል የተነሳ ስካን የሚገለበጠው ኔጋቲቭ ሲሆን ብቻ ነው። ማረጋገጫው ጽሑፍ ነው፤ የሱቅ ሰሌዳ፣ የጋሪ ቁጥር፣ የመንገድ ምልክት። ፔሮን ከተማ አዳራሽ ላይ ጀርመኖች በማርች 1917 ሲያፈገፍጉ «አትቆጡ፣ ተደነቁ ብቻ» የሚል በጀርመንኛ የተጻፈ ትልቅ ሰሌዳ ሰቅለው ሄደዋል። ያ ሰሌዳ የሚታይበት ፕሌት ዕድለኛ ነው፤ ከተማውን፣ ወሩንና ግራ ቀኙን በአንድ ጊዜ ይነግራል።

አሁን ስቴሪዮ (ለግራና ለቀኝ ዓይን ሁለት ምስል ይዞ ጥልቀት የሚያሳይ ፎቶ)። ያኔ በጣም የተለመደው መጠን 45×107 ሚ.ሜ. ነው፤ ቬራስኮፕ የሚባለው ካሜራ መጋዘኑ 12 ፕሌት ይይዛል። ትልቁ 6×13 ሴ.ሜ. ነው። ሁለቱ ምስሎች ጎን ለጎን አንድ ፕሌት ላይ ናቸው። ኔጋቲቩ እንዳለ በንክኪ ከታተመ የግራ ዓይኑ በቀኝ፣ የቀኝ ዓይኑ በግራ ይውላል። ያንን ያላስተካከለ አታሚ ያወጣው ፖዘቲቭ ላይ ጥልቀቱ ይገለበጣል፤ የቦምብ ጉድጓዱ ጉብታ፣ የፈረሰው መስኮት ወደ ውጭ የወጣ ሳጥን ይሆናል። ፍርስራሽ ላይ ይህን ማስተዋል ከባድ ነው፣ ምክንያቱም ዓይን የተሰበረ ነገር ምን መምሰል እንዳለበት አያውቅም። የሰው ፊት ቢሆን ወዲያው ይታይ ነበር።

ስለዚህ በዓይን አትመኑ፣ ለኩ። ቅርብ ያለ ነገር (ድንጋይ፣ የተጣለ ጎማ) እና ከጀርባው ራቅ ያለ ነገር (ጭስ ማውጫ) ምረጡ። በግራው ምስል ላይ ቅርቡ ነገር ከሩቁ አንጻር ይበልጥ ወደ ቀኝ መሆን አለበት። ወደ ግራ ከሆነ ሁለቱን ግማሾች አቀያይሩ።

---

#9 ኮረኮንች

ገባኝ። ስለዚህ ጥልቀቱ ትክክል ከሆነ ግራ ቀኙም ትክክል ነው ማለት ነው?

---

#10 አራት_ዓይና

እንዳትሳሳት፣ አይደለም! ፕሌቱን ሙሉውን ብትገለብጠው ሁለቱ ምስሎች ይገለበጣሉ፣ ቦታም ይለዋወጣሉ፤ ሁለቱ ስህተቶች ተጣፍተው ጥልቀቱ ልክ ሆኖ ይቀጥላል። ማማው ግን በስተግራ መሆን ሲገባው በስተቀኝ ነው። ጥልቀትና ግራ ቀኝ ሁለት የተለያዩ ምርመራዎች ናቸው። ጽሑፍ ከሌለ የወታደሮቹ የኮት አዘጋግ ይረዳል፤ የወንድ ኮት የግራው ጎን በቀኙ ላይ ነው የሚደረበው። ጠመንጃውም ቁልፉ (መቀባበያው) በቀኝ ነው።

---

#11 የጨለማ_ክፍል

ስለ ማንሳቱ ራሱ ማንም አልጻፈም፣ ልጨምር።

ስካነር ካላችሁ፦ 13×18 ሴ.ሜ. ፕሌት በ1200 ፒፒአይ (በአንድ ኢንች 1200 ፒክስል) ወደ 6140×8500 ፒክስል ይሆናል፣ በ16 ቢት ግራጫ 104 ሜጋባይት ገደማ። 45×107 ትንሽ ስለሆነ 2400 ፒፒአይ ይሰጠው፤ 4250×10100 ገደማ ይወጣል። ፕሌቱን በስካነሩ መስታወት ላይ በቀጥታ አታስተኙ። ሁለት መስታወት ሲነካካ ቀስተ ደመና የሚመስል ክብ ክብ መስመር ይወጣል፤ ኢሙልሽኑም ይጫራል። በሁለቱ ጠርዞች ስር አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ካርቶን አድርጉ። የስካነሩ «አቧራ አጥፊ» በኢንፍራሬድ የሚሠራው ይጥፋ። ጥቁርና ነጭ ፕሌት ላይ ምስሉ ብር ነው፤ ብር ኢንፍራሬዱን ስለሚያግድ ማሽኑ ምስሉን ራሱን አቧራ ነው ብሎ ይደመስሰዋል።

ካሜራ ካላችሁ፦ ኤልኢዲ ላይት ፓድ፣ ማክሮ ሌንስ፣ ወደ ታች የሚያይ ስታንድ። ፕሌቱን ከፓዱ 3 እስከ 5 ሴ.ሜ. ከፍ አድርጉት፣ የፓዱ ነጠብጣብና አቧራ ከትኩረት ውጭ እንዲሆን። በፕሌቱ ዙሪያ ያለውን ብርሃን በጥቁር ካርቶን ሸፍኑ፣ አለበለዚያ ወደ ሌንስ ገብቶ ምስሉን ያደበዝዛል። የክፍሉን መብራት አጥፉ። የቆየ ፕሌት ጠርዙ ላይ ብሩ ወጥቶ ሰማያዊ መስታወት መስሎ ያብረቀርቃል፣ ከላይ ብርሃን ካለ ያ ብልጭታ ይመዘገባል። አይኤስኦ 100፣ ኤፍ/8፣ ሹተር ከ1/30 የዘገየ (ርካሽ ኤልኢዲ ስለሚርገበገብ በፈጣን ሹተር ግርፍ ግርፍ ይወጣል)፣ የ2 ሰከንድ ቆጣሪ፣ ፋይሉ ሮው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል)። ባለ 6000×4000 ካሜራ 13×18ን በአንድ ጊዜ ሲያነሳ 850 ፒፒአይ እንኳ አይሞላም፤ አራት ቦታ ከፍላችሁ፣ ሲሶው እየተደራረበ፣ አንስታችሁ በኮምፒውተር ስፉት። ለ45×107 እያንዳንዱን ግማሽ ለየብቻ ማንሳት ይበቃል።

ኢሙልሽኑን ምንም ነገር አይንካው። ውሃ፣ አልኮል፣ ትንፋሽ፣ ሁሉም። በእጅ መንፊያ ጎማ አቧራውን ማስወገድ ብቻ። የመስታወቱ ፊት ብቻ በተጣራ ውሃ በጥቂቱ በረጠበ ጥጥ ይጠረጋል፤ ከመሐል ወደ ዳር፣ ጠርዙ ላይ ሳይደርስ፣ ምክንያቱም ውሃ በጠርዝ ከገባ ኢሙልሽኑ ይነሳል። የናይትራይል ጓንት፣ ፕሌቱ በጠርዙ ብቻ ይያዝ።

የተሰበረ ፕሌት በማጣበቂያም በፕላስተርም አይጠገንም። ንጹሕ መስታወት ላይ ስብርባሪውን አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር እያራራቃችሁ ደርድሩ፤ ካጋጠማችሁት የኢሙልሽኑ ጠርዝ ይፈጫጫል። በዚያው ይነሳ፣ ግጣሙ በኮምፒውተር ይሠራል። ሲቀመጥም የተሰበረው ተኝቶ፣ ደህናው በረጅሙ ጎኑ ቆሞ፣ እያንዳንዱ በራሱ ወረቀት ፖስታ። ደህና ፕሌቶችን አስተኝቶ መደራረብ የታችኞቹን መስበር ነው።

---

#12 ሰፈረ_ሰላም

ኦቶክሮም ከተነሳ፣ ሰው የሚጠይቀው «ለምን የቀለም ፎቶዎቹ ላይ ውጊያ የለም፣ ባዶ ፍርስራሽ ብቻ ነው?» እያለ ነው። በ1917 ለፈረንሳይ ጦር የፎቶ ክፍል የሠሩት ፖል ካስቴልኖና ፈርናን ኩቪል ያነሷቸው ሬምስን የመሰሉ ከተሞች ፀጥ ያሉ ናቸው። አንዳንዱ «ሆን ብለው ነው» ይላል።

---

#13 የጨለማ_ክፍል

ምርጫም ይኖርበታል፣ ግን መጀመሪያ ኬሚስትሪው ነው። ፕሌቱ ላይ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ የተቀቡ የድንች ስታርች ቅንጣቶች ተነስንሰዋል፤ እያንዳንዳቸው ከ10 እስከ 15 ማይክሮን። በመካከላቸው ያለው ክፍተት በከሰል ዱቄት ተደፍኗል። ብርሃኑ መጀመሪያ በዚያ፣ በተጨማሪም በሌንሱ ላይ ባለው ቢጫ ፊልተር ማለፍ አለበት። በጠራ ፀሐይ፣ በኤፍ/8፣ አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ዛሬ በአይኤስኦ 100 ያው ፎቶ 1/400 ሰከንድ ነው። አራት መቶ እጥፍ! በደመና ቀን ብዙ ሰከንድ ይወስዳል። የሚሮጥ ወታደር ይቅርና በነፋስ የሚወዛወዝ ቅጠልም አይያዝም። የማይንቀሳቀሰው የፈረሰ ግድግዳ ነው፣ ወይም ዝም ብለህ ቁም የተባለ ሰው።

ፕሌቱ ተገልብጦ ስለሚገባ ትኩረት የሚያዝበት ፍዝ መስታወትም ተገልብጦ መግባት ነበረበት። ያንን የረሳ ሰው ፎቶው ሁሉ በመስታወቱ ውፍረት ያህል ከትኩረት ይስታል። ዛሬ ትንሽ ድብዝዝ ያለ ኦቶክሮም ካያችሁ ሁልጊዜ የሌንሱ ጥፋት አይደለም።

ኦቶክሮም ካላችሁ ግን አደራ፦ ፕሮጀክተር ላይ አታውጡት፣ ላይት ፓድ ላይም ከሚነሳበት ጊዜ በላይ አይቆይ፤ ቀለሙ ይለቃል። እርጥበት ደግሞ አረንጓዴውን ያሟሟዋል። ፕሌቱ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ካለ ውሃ ነክቶታል፣ ሳሩ አይደለም።

---

#14 ኮረኮንች

ሌላ ጥያቄ። አንዳንዱ የፍርስራሽ ፎቶ ላይ ሰማዩ የሚያምር ደመና አለው፣ ሌላው ባዶ ነጭ ነው። የአየር ሁኔታውን ከዚያ ማወቅ ይቻላል?

---

#15 ማህደር_ቤት

አይቻልም፤ እንዲያውም ደመናው ከተዋበ ጠርጥር። #3 ላይ እንደተባለው ፕሌቱ ለሰማያዊ ስለሚነቃ ሰማዩ ከመጠን በላይ ተቃጥሎ ነጭ ይወጣል። ስለዚህ ደመናን ለብቻ አንስቶ በማተሚያ ጊዜ መጨመር የቆየ ልማድ ነበር። በ1917 ለአውስትራሊያ ጦር ኢፕር አካባቢ ያነሳው ፍራንክ ኸርሊ በዚህ የታወቀ ነው። ብዙ ኔጋቲቮችን አንድ ላይ ያቀናብር ስለነበር ከጦሩ ታሪክ ጸሐፊ ከቻርልስ ቢን ጋር ተጣልቷል። ቢን እንዲህ ያለውን ሐሰት ነው ብሎ ነበር፤ ኸርሊ ደግሞ ጦርነቱ በአንድ ፕሌት አይገባም ባይ ነው። በእኔ እይታ ለማህደር ሲሆን ቢን ትክክል ነው፤ ቅንብር መሆኑ ሳይጻፍ የተቀመጠ ቅንብር ሌላውን ሁሉ ያስጠረጥራል።

መፈተሻው፦ ሰማዩ ከፍርስራሹ ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ በመቶ ፐርሰንት አጉልታችሁ እዩ። የተጨመረ ሰማይ በቀጭን ነገር ዙሪያ (ሽቦ፣ የተሰበረ የጣሪያ እንጨት) ነጣ ያለ ወይም የጠቆረ ክፈፍ ይተዋል፤ አንዳንዴም ደመናው በእንጨቱ ውስጥ ያልፋል። የብርሃኑን አቅጣጫ አወዳድሩ፣ ደመናው ከግራ በርቶ ግድግዳው ከቀኝ ከበራ አለቀ። አንድ ዓይነት ደመና በሁለት ፎቶ ላይ ካገኛችሁማ ምርመራም አያስፈልግ።

---

#16 ሰፈረ_ሰላም

ሌላው ትልቅ ወጥመድ 1919 ነው። «የጦርነት ጊዜ» ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥ ብዙው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ የተነሳ ነው። ምክንያቱም ያኔ ማንም ካሜራ ይዞ ሊገባ ይችል ነበር፣ ከዚያ በፊት ግን ፈቃድ ነበር። ምልክቶቹ፦ ጡቡ በሥርዓት ተደርድሮ ተከምሯል፣ መንገዱ ተጠርጓል፣ ጊዜያዊ የእንጨት ቤት አለ፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሲቪሎች አሉ፣ ፍርስራሹ ላይ አረም በቅሏል። በጦርነት መሐል ጡብ የሚደረድር የለም፤ ለመንገድ መሙያ ይፈለጋል።

---

#17 ጥላና_ብርሃን

በሁለተኛውም ጦርነት ያው ነው። በድሬስደን ከከተማው አዳራሽ ማማ ላይ፣ እጇን ወደ ፍርስራሹ የዘረጋች የድንጋይ ሐውልት ያለችበት የሪቻርድ ፔተር ፎቶ «ፌብሩዋሪ 1945» እየተባለ ይለጠፋል። ቦምቡ ከፌብሩዋሪ 13 እስከ 15 ነው፣ ፎቶው ግን ከወራት በኋላ በዚያው ዓመት የተነሳ ነው። ታች ያሉት መንገዶች መጠረጋቸውን ብቻ ማየት ይበቃል። በነገራችን ላይ ሐውልቷ መልአክ አይደለችም፣ ክንፍ የላትም። «ደግነት»ን የምትወክል ናት።

---

#18 ኮረኮንች

አንድ ሙከራ ላድርግ። ፖዘቲቭ፣ 45×107። የተንጠለጠለች ሐውልት በፈረሰ ማማ ላይ፣ ከታች ሦስት ወታደሮች ጎድጓዳ ሳህን ቁር ያደረጉ፣ የአንዱ ጥላ በጎን ወድቆ ከቁመቱ ግማሽ ገደማ። ጠርዙ ላይ «አልበር 1914» ይላል።

---

#19 ማህደር_ቤት

ከተማው አልበር ነው። 1914 ሊሆን አይችልም፤ ሐውልቷ የተንጠለጠለችው በጃንዋሪ 1915 ነው፣ እንግሊዞች ደግሞ ያንን ግንባር የተረከቡት በ1915 አጋማሽ ነው። ሦስቱም ቁር ካደረጉ 1916 ወይም 1917፣ ቢዘገይ እስከ ማርች 1918። ጥላው ግማሽ ከሆነ ፀሐይዋ ከ60 ዲግሪ በላይ ናት።

---

#20 ጥላና_ብርሃን

አልበር 50 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች በቀትር እንኳ ከ63.5 ዲግሪ አትበልጥም። ስለዚህ ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁላይ አጋማሽ፣ ከቀትር ብዙም ሳይርቅ። ማርች 1918 ወጣ ማለት ነው። የቀረው የ1916 ወይም የ1917 ጁን አካባቢ ነው። ጥላውን ግን ደግመህ ለካው፣ «ግማሽ ገደማ» ለ60 ዲግሪ አይበቃም፤ ጥላው ለቁመቱ ሲካፈል በ0.5 እና በ0.6 መካከል የአንድ ወር ልዩነት አለ።

---

#21 ኮረኮንች

ለካሁት፣ 0.54 ነው። ምዝገባው ላይ «ጁን 1916 ወይም 1917» ልበል? «1914» የሚለውንስ ልሰርዘው?

---

#22 ማህደር_ቤት

«ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁላይ መጨረሻ፣ 1916 ወይም 1917» በል፤ 0.54 ሲሆን ከፍታው 61.6 ነው፣ የመለኪያ ስህተት ጨምርበት። «1914»ን አትሰርዝ። በራሱ አምድ እንደተጻፈው ከነስህተቱ ገልብጥ፣ በቀለም የተጻፈ መሆኑንም ጨምር። የአንተ ግምት በሁለተኛው አምድ፣ ምክንያቱ (ሐውልት፣ ቁር፣ ጥላ 0.54) በሦስተኛው። ያልተገለበጠው ስካን ዋናው ፋይል ሆኖ ይቀመጥ፤ የምታስተካክለው ቅጂውን ነው። እና አራት_ዓይና ከመናደዱ በፊት፣ የኮታቸውን ቁልፍ እየው።